የኪሮሽ የቤት ጫማ፦ ሙያው እጅ ላይ፣ ገበያው ቁጥሩ ላይ

አየር ጤና አካባቢ ለምትኖር አክስቴ ባለፈው ክረምት አንድ ጥንድ የኪሮሽ የቤት ጫማ ገዛሁላት። ቀለሙ ቀይ ዳማ፣ አፉ ዙሪያውን በነጭ ክር የተከፈፈ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነበር። ሻጯ ሠሪዋ ራሷ አይደለችም፤ ከሠሪዎች እየተረከበች የምታዞር ቸርቻሪ ናት። ቁጥሩን ስጠይቃት ለአፍታ እንኳ ሳታመነታ «ሠላሳ ስምንት» አለችኝ። አክስቴ የምትጫማው 38 ስለሆነ ሳልከራከር ከፍዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ልጠይቃት ስሄድ ጫማው በላስቲክ ከእግሯ ጋር ታስሮ አገኘሁት። በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ሥር ገብቷል። «ምነው እትዬ?» ብላት፣ «ልጄ፣ ይኼ ጫማ እኔን ትቶኝ ብቻውን ይሄዳል» አለችኝ።

ሳቅን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። አክስቴ የስኳር ሕመም አለባት። ሐኪሟ ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግሯ እንዳትሄድ፣ ልኩን ያልጠበቀ ጫማም እንዳታደርግ ደጋግመው መክረዋታል። ሴራሚክ ወለል ላይ የሚንሸራተት ሰፊ ጫማ ደግሞ ለእንዲህ ያለ እግር ከባዶነት የከፋ ነው።

በንግድ ዓይን ሲታይም ኪሳራው ከአንድ ጥንድ ያልፋል። ቸርቻሪዋ የአንድ ጥንድ ዋጋ ይዛ ሄዳለች። ይሁንና አክስቴ ዕድር አላት፣ ዕቁብ አላት፣ ቡና የምትጠጣባቸው አራት አምስት ቤቶች አሏት። ጫማው ልኳ ሆኖ ቢሆን ኖሮ በየደጁ ያለ ክፍያ ታስተዋውቀው ነበር። አሁን የሚወራው የተገላቢጦሹ ነው። ጫማው የተሸጠው በመልኩ ነው፤ የወደቀው ግን በሁለት ሳንቲ ሜትር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እነዚያ ሁለት ሳንቲ ሜትሮች ናቸው።

ዳንቴሉ ከቴሌቪዥን ሲወርድ

ከአጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ፣ ከዘነበወርቅ እስከ ቤተል ባለው የኮልፌ ቀራንዮ ክልል ኪሮሽ የያዙ እጆች ዛሬም አሉ። እነዚህ እጆች ቀድሞ ይሠሩ የነበረው የሶፋ፣ የጠረጴዛና የቴሌቪዥን ዳንቴል ነበር። ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ዳንቴሉ የሚነጠፍበት ጀርባ አጣ። ፈላጊው ሲቀንስ ሙያው ሌላ ዕቃ መፈለግ ነበረበት። ኮፍያ፣ የሕፃን ካልሲ፣ ቦርሳና የቤት ጫማ የመጡት በዚህ በኩል ነው።

ለቤት ጫማው ፈላጊ የሚያመጣለት ደግሞ ወለሉ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ የሚበርድ ከተማ ናት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ እንደ ሚክሊላንድ ባሉ ሰፈሮች የሚኖረው ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ የሚራመድ ሆኗል። ሸበጥ ርካሽ ነው፤ ግን አያሞቅም። ከውጭ የሚመጣው ጠጉራም የቤት ጫማ ያሞቃል፤ ግን ዋጋው በዶላር ይወጣል።

የኪሮሽ ሥራ አንድ ትልቅ የንግድ ጠባይ አለው፤ ነጋዴው ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ሹራብና ካልሲ በማሽን ይሠራሉ። ኪሮሽን ግን ልክ እንደ እጅ አድርጎ ለገበያ የሚያመርት ማሽን እስከ ዛሬ ፋብሪካ አልገባም። በፋብሪካ ተሠርቶ ኪሮሽ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ኪሮሽን የሚያስመስል የማሽን ሹራብ ነው። ስለዚህ የኮልፌዋ ሴት የምትወዳደረው በዓለም ላይ ካሉ እንደ እሷ ካሉ እጆች ጋር እንጂ ከማሽን ጋር አይደለም። ማሽን ግን እሷን የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ አንድ ሺህ ጥንድ 38 ሠርቶ አንድ ሺሁም 38 ይሆናሉ።

38 ማለት ምን ማለት ነው?

ጫማ ላይ የምናየው 37፣ 38፣ 40 የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የጫማ ባለሙያዎች የፓሪስ ነጥብ ይሉታል። አንዱ ቁጥር የሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት 38 ቁጥር 25.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። (እንግሊዞች የኢንች አንድ ሦስተኛን ይዘው ይቆጥራሉ፤ መነሻው የገብስ ፍሬ ርዝመት ነው ይባላል። ሸማን በክንድና በስንዝር ስንለካ የኖርን ሰዎች በዚህ ልንስቅ አይገባንም።)

ብዙ ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ያ 25.3 ሳንቲ ሜትር የእግሩ ርዝመት አይደለም፤ ጫማው የተወጠረበት የፎርማው ርዝመት ነው። የቆዳ ጫማ ጣት የሚላወስበት ቦታ ስለሚፈልግ ፎርማው ከእግሩ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። 38 የሚጫማ ሰው እግሩ ቢለካ 24 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚመጣው። የኪሮሽ ጫማ በበኩሉ የሚለጠጥ ዕቃ ነው፤ እግሩን አቅፎ መያዝ አለበት። ስለዚህ ሶል የሌለው የኪሮሽ ጫማ ከእግሩ በአንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ማጠር ይገባዋል። ለ24 ሳንቲ ሜትር እግር የሚበቃው 23፣ ክሩ በጣም የሚለጠጥ ከሆነም 22.5 ሳንቲ ሜትር ነው።

እንግዲህ አንዲት ሠሪ የፋብሪካ 38 ጫማ ወስዳ ውስጡን በሜትር ለክታ፣ 25 ሳንቲ ሜትር አድርጋ ብትሠራ፣ ዕቃው ገና እግር ሳይነካው ከሚፈለገው በሁለት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በቁጥር ሲሰላ ሦስት ቁጥር ነው። 38 ተብሎ የተሸጠው ጫማ በእርግጥ 41 ነው ማለት ነው። የአክስቴ ጫማ ብቻውን የሄደበት ምክንያት ይኸው ነው።

ስፋቱም የራሱ ሒሳብ አለው። የእግሩ ዙሪያ የሚለካው ከጣቶች ሥር፣ እግሩ ከሁሉ በሚሰፋበት ቦታ ነው። ዙሪያው 23 ሳንቲ ሜትር የሆነ እግር ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ጫማ ይበቃዋል። ሰፊ ከሆነ ሰው በጣቶቹ እየቆነጠጠ ይሄዳል፤ ማታ ላይ እግሬን ደከመኝ ይላል እንጂ ጫማውን አይጠረጥርም።

ልኬቱ መቼና እንዴት ይወሰዳል ለሚለው፦ ከሰዓት በኋላ፣ ሰውየው ቆሞ፣ ሁለቱም እግር። እግር ቀን ሲራመድ ውሎ ያብጣል፤ ጠዋት በተቀመጠ እግር ላይ የተወሰደ ልክ ማታ ይጠባል። ካርቶን ላይ ሲሣል እርሳሱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወደ ውስጥ ካዘነበለ እግሩን ያሳጥረዋል፤ ወደ ውጭ ካዘነበለ ያሰፋዋል፤ በሁለቱም በኩል ሲደመር አንድ ቁጥር በቀላሉ ይጠፋል። ባላገር ለልጁ ጫማ ሊገዛ ከተማ ሲወጣ የእግሩን ልክ በስንጥር ቆርጦ ይዞ ይመጣ እንደነበር የሚያስታውሱ ነጋዴዎች አሉ። ስንጥሩ ርዝመቱን እንጂ ስፋቱን አይናገርም እንጂ፣ ቢያንስ እውነተኛ ልክ ነበር።

የሁለት እጆች አንድ ደርዘን

በደርዘን የሚረከብ ነጋዴ ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል። አንዷ ሴት ክሩን ጠበቅ፣ ሌላዋ ላላ አድርጋ ትሠራለች። ሁለቱም 36 ዓይን ሠሩ እንበል። የመጀመሪያዋ እጅ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 18 ዓይን ካስገባ ሥራዋ 20 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የሁለተኛዋ እጅ 16 ዓይን ብቻ ካስገባ 22.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዓይኑ እኩል፣ ክሩ አንድ፣ ኪሮሹ አንድ፤ ልዩነቱ ግን አራት ቁጥር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። «ሠላሳ ስድስት ዓይን ሥሩ» ብሎ ትእዛዝ የሰጠ ነጋዴ የሚረከበው ደርዘን ሳይሆን አሥራ ሁለት ዓይነት ጫማ ነው።

መፍትሔው አሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ የሙከራ ቁራጭ ማሠራት ነው። ሠሪዋ በራሷ እጅ፣ በሚሠራበት ክርና ኪሮሽ ቁራጩን ትሠራለች፤ ዓይኑ ይቆጠራል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር የምትሠራው ዓይን የራሷ ሆኖ ይጻፍላታል። እጇ የሚላላ ከሆነ በግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ኪሮሽ ይሰጣታል። እጅን ለመቀየር ከመታገል ኪሮሹን መቀየር ይቀላል። አንዲቷ ሴት ራሷም ቢሆን ከቀን ቀን አንድ አይደለችም። ግራውን ሰኞ በጥሞና፣ ቀኙን ዓርብ እንግዳ ተቀምጦ እያጫወተች ከሠራችው ሁለቱ አይገጥሙም። ጥንዱን በአንድ መቀመጫ መጨረስ፣ ካልሆነም ሁለቱን ጎን ለጎን እያስኬዱ መሥራት ይሻላል።

ስለ ክሩም ጥቂት ማለት ያሻል። ጥጥ ይለጠጣል፤ ከተለጠጠ በኋላ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። የበግ ጠጉር ይመለሳል፤ ሆኖም በሞቀ ውኃ ታሽቶ ከታጠበ ይከማተራል፤ የመንዝን ባና የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር በመሐከላቸው ነው፤ መታጠብ ይችላል፣ ርካሽም ነበር። ነበር ያልኩት ክሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ በኋላ ከ57 ብር ብዙም ያልራቀው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻግሯል። ለሠሪዋ የሚቀረው የእጅ ዋጋ በክሩ ዋጋ ሲበላ፣ ልኩን ስቶ የሚመለስ ጥንድ የማይቻል ቅንጦት ሆኗል።

መልካሙ ነገር፣ ኪሮሽ ይተረተራል። የተሳሳተው ጥንድ ፈርሶ ክሩ ተመልሶ ይጠቀለላል። የሚጠፋው የአንድ ከሰዓት በኋላ ድካም ነው። ይህም የሚሆነው ሶል እስኪገባለት ብቻ ነው። ማስቲሽ የነካው ክር አይተረተርም።

ሶሉ ሲገባ

ክር ብቻ የሆነ ጫማ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ሥሩም ቶሎ ይበሳል። ስለዚህ ሠሪዎች ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ፣ አሮጌ ካላማዳሪ ወይም ጎማ ያደርጉለታል። ጥሩው ዘዴ የሶሉን ጠርዝ ዙሪያውን በወስፌ በስቶ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ክሩን አስገብቶ ኪሮሹን ከሶሉ ላይ ማስነሳት ነው። ማስቲሽ ሳያስፈልግ ይያያዛል።

ሶል ሲገባ ግን ከላይ የተነገረው ሕግ ይገለበጣል። ጎማና ቆዳ አይለጠጡም። ለ24 ሳንቲ ሜትር እግር 23 ሳንቲ ሜትር ሶል የቆረጠ ሰው ተረከዝ ከሶሉ ውጭ እንዲረግጥ አደረገ ማለት ነው። ሶሉ ከእግሩ እኩል ወይም በግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ የላይኛው ኪሮሽ ብቻ ጠበቅ ያለ መሆን አለበት። ለዓመታት ያለ ሶል ስትሠራ የኖረች ጥሩ ባለሙያ ሶል መግጠም በጀመረች ሰሞን ጫማዋ ሁሉ የሚጠበው ከዚህ የተነሳ ነው።

ላኪ ለመሆን ለሚያስበው አንባቢ ደግሞ ሶሉ ሌላም ቁጥር ይለውጣል፤ የታሪፉን ቁጥር። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ሶል ያልተገጠመለት የኪሮሽ ጫማ ጫማ አይባልም። ከካልሲ ጋር በአንቀጽ 6115 ይመደባል። የጎማ ወይም የቆዳ ሶል ከተገጠመለት ወደ ምዕራፍ 64 ተሻግሮ 6404 ውስጥ ይገባል። ሶሉ ራሱ ጨርቅ ከሆነ 6405 ነው። ቀረጡም፣ የሚጠየቀው የምርት መነሻ ማረጋገጫም በዚህ ይለያያል። ትራንዚተሩ «የቤት ጫማ» የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ ከሄደ ዕቃው ተቀባዩ አገር ሲደርስ ክርክር ይነሳበታል። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ ዕድል መታገዷ ስለሚታወቅ፣ ብዙ ትናንሽ ላኪዎች ዓይናቸውን ወደ አውሮፓ ማዞራቸው የሚጠበቅ ነበር። እዚያ ደግሞ ቁጥሩ የተፈጠረበት አገር ነውና 38 ተብሎ 41 የሚላክበት መንገድ የለም።

የዘነበወርቅ ሁለት ትምህርቶች

የራቀ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። ወ/ሮ ቤተልሔም ጥላሁን ተወልደው ባደጉበት በዘነበወርቅ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በቤተሰብ ቦታ ላይ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሶል ሬብልስን ሲጀምሩ የያዙት ሐሳብ አዲስ አልነበረም። የጎማ ሶል ያለውን በረባሶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እሳቸው በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ ከጎማው ጋር አጋቡት፤ ከዚያም በኢንተርኔት ጭምር ለውጭ ገዢ አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት ዓለም አቀፍ መሪዎች አንዷ አድርጎ መርጧቸዋል። ጋዜጦች ብዙ የጻፉት ስለ ጎማው ነው። ለነጋዴ ዓይን ግን የሚከብደው ሌላው ነው። በኢንተርኔት ጫማ የሚገዛ ሰው አይሞክረውም፤ የሚያምነው ቁጥሩን ብቻ ነው። በእጅ የተሠራ ጫማ በዚያ መንገድ መሸጥ የሚቻለው ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ልኩ ካልተዛነፈ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚያው ሰፈር፣ ከአለርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ይህ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሕሙማን የሚጫሙትን ልዩ ጫማ የሚሠራ ክፍል አለው። የሥጋ ደዌ፣ እንደ ስኳር ሕመም ሁሉ፣ የእግርን ስሜት ሊያጠፋ ይችላል። ስሜት ያጣ እግር የሚጠብ ጫማ ሲቆጠቁጠው አያውቅም፤ ቁስሉ የሚታወቀው ሲመረቅዝ ነው። ከዚህ የሚገርመው፣ ስሜቱ የቀነሰበት ሰው ጫማ ሲመርጥ የሚጠብ ጫማ መምረጡ ነው። ልኩ የሆነው ጫማ ምንም ስለማይሰማው ሰፊ ይመስለዋል። ስለዚህ እንዲህ ላለ ሰው «ተስማማህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መለካት እንጂ። ውስጡ ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንካራ፣ ሚስማር የሌለበት ጫማ የሚሠራለትም ለዚህ ነው።

የኪሮሽ ጫማ የሕክምና ጫማ አይደለም፤ እንደዚያ ተብሎም ሊሸጥ አይገባም። ሆኖም የቤት ጫማ ከሚገዙት መካከል አረጋውያንና ባለ ስኳር ብዙ ናቸው። ለእነሱ መጋጠሚያው ወደ ውጭ ቢዞር፣ የክሩ ቋጠሮ ከውስጥ ባይቀር፣ ጌጥ ተብሎ የሚሰፋው ቁልፍ ጣት ላይ ባይውል ወጪ አይጨምርም። ገዢዋም ከማጥለቋ በፊት እጇን ከትታ ውስጡን መዳበስ አለባት።

ጫማ ተረካቢ ለሆነው አንባቢ የምለው አጭር ነው። ሦስት ልክ ብቻ ይዘዝ፦ 36–37፣ 38–39፣ 40–41። ኪሮሽ ስለሚለጠጥ አንድ ጥንድ ሁለት ተከታታይ ቁጥር ይይዛል፤ ሦስት ግን አይይዝም። ለእያንዳንዱ ልክ ከእንጨት ወይም ከወፍራም ካርቶን አንድ የእግር ቅርጽ ተቆርጦ ለየሠሪዋ ይሰጥ። ጫማው ቅርጹን ሲያጠልቁበት መወጠር አለበት፤ ከወደቀ ይተርተር። ክፍያም ከዚህ በኋላ ይሁን። ቅርጹ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ጥንድ ክር አይበልጥም። አሠሪው ክሩን ራሱ በጅምላ ከመርካቶ ገዝቶ ቢያድል ደግሞ የደርዘኑ ውፍረት አንድ ይሆናል፤ ሠሪዋም በችርቻሮ ዋጋ አትጎዳም። የእጅ ዋጋዋን አስቀድሞ መነጋገር ግን አይዘንጋ። ተርትራ እንድትሠራ የሚጠይቃት ሰው ለቁጥሩ ካልከፈላት፣ እሷም እንደ ቸርቻሪዋ ሁሉንም «ሠላሳ ስምንት» ብትል አይፈረድባትም።

አክስቴ በመጨረሻ ሌላ ጥንድ አሠርታለች። እዚያው ሰፈር ያለች ሴት ቤቷ ድረስ መጥታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቁማት፣ ሁለቱንም እግሯን ካርቶን ላይ ሥላ ወሰደች። ካርቶኑ አሁን ከሴትየዋ ኪሮሾች ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ቀኝ እግሯ ከግራው በስድስት ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በሰባ ዓመቷ ገና አሁን ነው ያወቀችው።